ትከሻዬ ላይ የነበረው እጅ

ባለፈው ቅዳሜ የመጽሐፍ መደርደሪያዬን አቧራ ሳራግፍ አንዲት ክብ የቅባት ቆርቆሮ ከላይ ወድቃ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለች። ከበሩ ሥር ደርሳ ስትቆም ከውስጧ ቀጭን ድምፅ ተሰማ። አንድ ነገር ይንከባለላል፣ ሌላው ደግሞ ይንሸራተታል። መጥረጊያውን ጥዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ዙሪያዋን የታሸገችበት ፕላስተር ቢጫ ሆኖ ጠርዙ ተላልጧል፤ ግን ተከፍታ አታውቅም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ከቤት ቤት ስዞር አብራኝ ዞራለች።

ከፍተሽ አታዪም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አልከፍታትም። አባቴን በሰው ፊት ያዋረድኳቸው በዚህች ቆርቆሮ ሰበብ ነው።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ከሁለት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምማረው። ዓርብ ከሰዓት በኋላ በተገኘው መኪና እስከ አምበር እሄዳለሁ፤ ከዚያ ወደ መንደራችን የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። እሑድ ደግሞ የሳምንት ስንቄን፣ እንጀራውንና ሽሮውን፣ ይዤ እመለሳለሁ። ስንቄ ሐሙስ ላይ ይሻግታል፤ እኛም ሻጋታውን በቢላ እየፋቅን እንበላው ነበር። እስከ ዛሬ የሻገተ እንጀራ ሲሸተኝ ፈተና የደረሰብኝ ይመስለኛል።

የፊዚክስ መምህራችን ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ አንድ ቡናማ ጃኬት የሚለብስ፣ እጁ ጠመኔ ያልተለየው ወጣት ነበር። ቤተ ሙከራ የሚባለው ክፍላችን የተሰበረ ወንበር የተከመረበት ስለነበር ሁሉንም ነገር በሰሌዳ ላይ ነበር የሚያሳየን። አንድ ቀን ስለ አቶም ሲያስተምር ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ዲያቆን ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ አቶምን በዓይኑ ያየው ሰው አለ?»

«በዓይኑ? የለም።»

«ታዲያ ያልታየ ነገር የእምነት ነዋ። ሳይንስ ምን አገባው?»

ክፍሉ ሳቀ። መምህሩ ግን አልሳቀም። ጠመኔውን ኪሱ ከተተና ነገ ልመልስልህ ብሎ ወጣ። በማግስቱ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ባዶ የቅባት ቆርቆሮ ተሸክሞ መጣ፤ ሁሉም በፕላስተር ታሽገዋል። ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ አደለን።

«አንዱም አይከፈትም። በሦስት ሳምንት ውስጥ ግን ውስጡ ምን እንዳለ ትነግሩኛላችሁ» አለ።

«እርስዎ ያውቁታል?» አለችው የክፍላችን አንደኛ።

«እኔም አላውቅም። የሞላችው ባለቤቴ ናት። እንዳትነግሪኝ ብያታለሁ።»

«ታዲያ ማን ያርመናል?»

«ቆርቆሮዋ ታርማችኋለች።»

ሰውየው አበደ አልን። እሱ ግን ቀስ እያለ መንገዱን አሳየን። አዘንብሏት፣ አናውጧት፣ አሽትቷት፣ ማግኔት አስጠጉባት፣ ውሃ ላይ አንሳፍፏት አለ። ያያችሁትን ሁሉ ጻፉ፣ ያልገባችሁንም ጭምር አለ። ከዚያ ገምቱ፤ ግምታችሁ ልክ ከሆነ ምን መሆን እንዳለበት አስቀድማችሁ ተናገሩና ሞክሩ፤ እንዳላችሁት ካልሆነ ግምቱን ጣሉት። አንድ ነገር ግን እየደጋገመ ይነግረን ነበር። አንዱ ማስረጃ ሁለት ግምት ከደገፈ አልጨረሳችሁም፣ ሁለቱን የሚለይ ሌላ ማስረጃ ፈልጉ ይል ነበር። ይህችን የመጨረሻዋን ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ አስምሬባታለሁ። ማስመሩ ምን ዋጋ አለው።

በዚያው ሳምንት ቆርቆሮዬን ይዤ አገር ቤት ገባሁ። አባቴ ቄስ ነበሩ። የመንደሩን ልጆች ፊደልና ዳዊት ስለሚያስተምሩ ሰው ሁሉ የኔታ ነበር የሚላቸው፤ እኔንም ፊደል ያስቆጠሩኝ እሳቸው ናቸው። ቅዳሜ ጠዋት ደጅ ካለው መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ሳለ የመምህሩን ነገር እየሳቅሁ ነገርኳቸው። እሳቸው አልሳቁም።

«አምጫት እስቲ» አሉ።

ቆርቆሮዋን ተቀብለው ጆሯቸው ሥር አዘነበሏት። እንደገና በሌላ በኩል። ጣቶቻቸው በጣም ቀስ ብለው ነበር የሚንቀሳቀሱት።

«ሁለት ናቸው» አሉ። «አንዱ ክብ ነው። አተር እንዳልል የአተር ድምፅ ደረቅ ነው። ዶቃ ነው። ሁለተኛው ጠፍጣፋ ነው፣ ዶቃዋ ስታልፍበት ትንሽ ትያዛለች። መሃሉ ጎድጎድ ያለ ነው። የሸሚዝ አዝራር ነው ልጄ።»

እኔ በሳምንት ያልደረስኩበትን ነገር እሳቸው አንድ ገበታ ተበልቶ በማያልቅበት ጊዜ ጨረሱት። ተገርሜ የዲያቆኑን ጥያቄ ጠየቅኳቸው።

«አባ፣ ያልታየ ነገር የእምነት አይደለም ወይ?»

«እምነትስ ሌላ ነው። በእምነት የያዝኩትን ሳላናውጥ ነው የምይዘው። ይችን ግን አናውጬ ነው ያወቅኋት» አሉና ፈገግ አሉ። «መምህርሽ ሸጋ ሰው ነው።»

ቆርቆሮዋን ሲመልሱልኝ እጃቸውን የዘረጉት እኔ ወዳለሁበት አልነበረም፤ ወደ ቀኝ ትንሽ ስተው ነበር። ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት። ቆርቆሮዋ እጃቸው ላይ በቆየችበት ጊዜ ሁሉ ፊታቸው ወደ ገብሱ ማሳ ነበር። አንዴም ዝቅ ብለው አላዩዋትም።

ማርቆስ እንደተመለስኩ በደብተሬ አዲስ ገጽ ገለጥኩና ከላይ «አባቴ» ብዬ ጻፍኩ። አፈርኩ አልልም። ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ የተዘጋ ነገር አግኝቼ ነበርና።

የጻፍኩት ሁሉ ከዓመት በላይ ዓይኔ ሥር የነበረ ነገር ነው። የመንደሩን ሰው ደብዳቤ የሚያነቡት አባቴ ነበሩ፤ አሁን ግን ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ጉሮሮዬ ደረቀ፣ አንቺ አንብቢው፣ ድምፅሽን ልስማው ይሉኝ ነበር። እኔም በንባቤ ኮርተው ነው ብዬ ደረቴን ነፍቼ አነባለሁ። ወገቤን አመመኝ ብለው ቅዳሴ መግባት ከተዉ ቆይተዋል፤ የባሕር ዛፍ ግንድ ለመሸከም ግን ወገባቸው አያማቸውም። መንገድ ላይ ሰው ሲያጋጥማቸው ሰውየው ካልተናገረ ሰላም አይሉም። እናቴ ደግሞ በርጩማ ከቦታው ያነሳ ልጅ ካገኘች ቤቱን ቀውጢ ታደርገው ነበር።

ከሁሉም በኋላ የትከሻዬን ነገር ጻፍኩ።

አባቴ ልጅ የሚያቅፉ ሰው አልነበሩም። እንደ አገሩ ወግ ከጨቅላነታችን በኋላ ስመውን አያውቁም። ከሰባተኛ ክፍል ወዲህ ግን፣ በመጀመሪያ ወደ አምበር ትምህርት ቤት፣ በኋላም እሑድ እሑድ ወደ ማርቆስ ስሄድ፣ እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ይሸኙኝ ነበር። ሲሸኙኝ ግራ እጃቸውን ቀኝ ትከሻዬ ላይ ያደርጋሉ። ብዙም አናወራም። የጋቢያቸው ሽታ፣ የእጃቸው ክብደት፣ ከጫማችን ሥር የሚንኮሻኮሸው ጠጠር፤ መኪና እስኪመጣ አብረውኝ ይቆማሉ፣ ከዚያ ይመለሳሉ። ያች አንድ ሰዓት ሳምንቱን ሙሉ ትበቃኝ ነበር። አባቴ እንደሚወዱኝ የማውቀው በእሷ ብቻ ነው።

በደብተሬ ላይ ግን «ሲሄዱ ትከሻዬን ይይዛሉ። መሪ ስለሚፈልጉ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ጽፌም ነጥብ አደረግሁበት።

መምህሩን አንድ ቀን ከክፍል ሲወጣ፣ ይህ ነገር ለሰውም ይሠራል ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሰሌዳ መጥረጊያውን እያራገፈ «ይሠራል፣ ለምን አይሠራም» አለኝ። ማንን ነው ሊለኝ ሲል ደወሉ ተደወለ።

ፈተናዬን ያዘጋጀሁት ራሴ ነኝ። አባቴ በየጠዋቱ ዳዊት ይደግማሉ። ከመምህራቸው የወረሱት የብራና ዳዊት አላቸው፤ ማታ ከማኅደሩ ወጥቶ አትሮንሱ ላይ ተዘርግቶ ያድራል፣ ጠዋት ተነስተው ከፊቱ ይቀመጣሉ። መቶ ሃምሳውንም መዝሙር በቃላቸው ስለሚያውቁት ገጹን ቢያዩ ባያዩ ማንም አይለየውም፤ በኛ አገር ዳዊት የሚደግም ሰው መጽሐፉን ያያል ብሎ የሚጠብቅም የለም። ግምቴ እንዲህ ነበር። ዓይናቸው የሚያይ ከሆነ ተዘቅዝቆ ሲያገኙት ያቃኑታል። የማያይ ከሆነ ተዘቅዝቆ ይደግሙታል።

አንድ እሑድ ጠዋት ቀድሜ ተነስቼ ዳዊቱን ዘቀዘቅኩት።

ያላሰብኩት ነገር ነበር። የዚያን ቀን የማርያም ማኅበር ተራ የእኛ ነበር። ማኅበርተኛው ከሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው ብዬ ነበር፤ ቅዳሴ ግን ማልዶ ወጣና ካህናቱም ሰዉም በጠዋት መጡ። አባቴ አትሮንሱ ፊት ሲቀመጡ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። የደብራችን አለቃ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሄጄ መጽሐፉን ማቃናት እችል ነበር። አንድ እርምጃ ነው። ሰው አለ፣ ዛሬ ይቅር ማለት እችል ነበር። እኔ ግን ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ ደብተሬን ያዝኩ። ይህን ነው እስከ ዛሬ ለራሴ ይቅር ያላልኩት።

አባቴ እጃቸውን መጽሐፉ ላይ አሳረፉ። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ አማተቡና መድገም ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንደ ወትሮው የተረጋጋ ነበር። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። አለቃው ገጹን ዝቅ ብለው ሲያዩ፣ ደግመው ሲያዩ፣ ከዚያ የአባቴን ፊት ሲያዩ አየሁ።

«የኔታ» አሉ በቀስታ፣ «ዳዊቱ ተዘቅዝቋል።»

አባቴ አቆሙ።

«አዎ። አውቃለሁ» አሉ።

ከሴቶቹ አንዷ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። የአባቴ መልስ ለሁሉም ሰው የመሰለው አንድ ነገር ነው፤ የተያዘ ሽማግሌ እፍረቱን ሲሸፍን። ለእኔም የመሰለኝ ያው ነው። የአባቴ እጆች መጽሐፉ ላይ እንደተቀመጡ ቀሩ። አለቃው ጉሮሯቸውን ጠረጉና አባቴ ካቆሙበት ቃል ጀምረው ቀጠሉ። ሌሎቹም ካህናት ተከተሏቸው፣ ወንዶቹም፤ ሁሉም በቃላቸው ያውቁታል። መዝሙሩ ቤቱን ሞላው። ዝም ያሉት አባቴ ብቻ ነበሩ።

እናቴ ከጓሮ እጄን ይዛ ከግድግዳው አስጠጋችኝ። አልመታችኝም።

«ምን አገኘሽበት?» አለችኝ። «ንገሪኝ እስቲ፣ ምን አገኘሽበት?»

ዓይናቸው ከደከመ ሁለት ዓመት አልፎታል አለች እያለቀሰች። «ልጅቱ ካወቀች ደብተሯን ጥላ የኔን በትር ትይዛለች፤ ትምህርቷን ትጨርስ፣ እስከዚያ አፍሽን ዝጊ አሉኝ አባትሽ። በርጩማ እየጠበቅሁ ኖርኩ። አንቺ ደግሞ መጥተሽ በሰው ፊት …» እንግዶቹ እየጠበቁ ነበርና ዓይኗን በቀሚሷ ጠርጋ ገባች።

መምህሩ ሲሰማ ወደ ሐኪም ቤት አብሮን ሄደ። ሐኪሙ አባቴን ጨለማ ክፍል አስቀምጦ በትንሽ መብራት ዓይናቸውን ሲያይ ቆየ። ከላይ ጤነኛ ነው አለን፤ የሞተው ከኋላ ያለው ነርቭ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት ቢመጡ የቀረውን ማትረፍ ይቻል ነበር። ሁለት ዓመት። ደብዳቤ በኩራት አነብላቸው የነበረበት ጊዜ ነው። ደብተሬ ውስጥ ያለው ሁሉ ያኔም ነበር፤ የሚጽፈው ሰው ነው ያልነበረው።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለኝ መምህሩ ከኮሪደሩ ቆመን።

«ጠይቄዎት ነበር» አልኩት።

ጠመኔ የነካውን ጃኬቱን ወደ ታች አየ።

ወደ አገር ስንመለስ መኪና ውስጥ አባቴ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው ተቀምጠው ነበር። አምበር ልንደርስ ስንል «መምህርሽ ስንት ሰጠሽ?» አሉኝ።

«ለምኑ አባ?»

«ለቆርቆሮዋ ነዋ።»

«ከአሥር አሥር።»

«እሰይ። አዝራሩን ተቀበለው?»

ተቀብሏል አልኳቸው። ማልቀሴን እንዳይሰሙ አፌን በነጠላዬ ይዤ ነበር። የሰሙኝ ይመስለኛል።

ትምህርቴን ትቼ ቤት ልሁን ብዬ ለመንኩ። አንድ ቃል አላስወጡኝም፤ «ደብተርሽን ያዢ» ብቻ አሉ። በሚቀጥለው እሑድ እንደ ልማዳቸው ሊሸኙኝ ተነሱ። በሩ ላይ ቆሜ ቀኝ ትከሻዬን ዝቅ አድርጌ ጠበቅኋቸው። እሳቸው በእጃቸው አዲስ በትር ይዘው ነበር። ትከሻዬን አልፈው፣ ከፊቴ ቀድመው ወጡ። እስከ መንገዱ ድረስ በትሩ ድንጋይ ሲነካ እየሰማሁ ከኋላቸው ሄድኩ። ከዚያ ወዲያ እጃቸው ትከሻዬ ላይ አርፎ አያውቅም። እኔም መልሱልኝ ለማለት አፍ አልነበረኝም። በአፌ ካልወጣ በምን ላሳያቸው እችል ነበር? ማየት አይችሉም።

የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሳለሁ አረፉ። በሦስት ቀን ሕመም ነው የሄዱት፤ የደረስኩት ከቀብሩ በኋላ ነው። እናቴ ዳዊቱን በማኅደሩ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ላንቺ ይሁን ብለዋል አለች።

ዓመት ሙሉ አላወጣሁትም። ሳወጣው ግን የእንጨቱን ሽፋን በእጄ ዳሰስኩ። በቀኝ በኩል የላይኛው ጥግ ተሰብሯል፤ በወፍራም ክር ተሰፍቷል። ክሩ ከአባቴ አውራ ጣት ንክኪ ብዛት ጠቁሮና ለስልሶ ነበር። ሌሎቹ ጥጎች ደህና ናቸው። ዓይኔን ጨፍኜ መጽሐፉን ዘቀዘቅኩት። ጣቴ የሄደበት ጥግ ክር የለውም። ሕፃን ልጅም ይለየዋል። በቆርቆሮ ውስጥ ያለ የአዝራር ጉድጓድ የለየ ሰው ይህን አይለይም?

ሮጬ የድሮ ደብተሬን አወጣሁ። የዚያን እሑድ ጠዋት፣ ከምሰሶው ጀርባ ሆኜ፣ ያልገባኝንም ጭምር እየጻፍኩ ነበርና እንዲህ ይላል፦ «መጽሐፉን ሲይዙ ትንሽ ቆዩ። አውራ ጣታቸው ጥጉን ፈለገ። ወደ ምሰሶው በኩል ፈገግ ያሉ መሰለኝ። ከዚያ ጀመሩ።»

አውቃለሁ ያሉት እውነታቸውን ነበር። መጽሐፉን የሚነካ ሌላ ሰው በቤታችን የለም፤ የዘቀዘቅኩት እኔ እንደሆንኩ አውቀዋል። ሰው መሙላቱንም ሰምተዋል። አቃንተውት ቢሆን ኖሮ ግምቴን ጥዬ ዝም እል ነበር። ለምን ተዉት? መደበቁ ሰልችቷቸው? ወይስ ልጃቸው የጠየቀችውን ጥያቄ መመለስ ስላለባቸው? ይህን የሚለይልኝ ሌላ ማስረጃ ስፈልግ ኖሬ አላገኘሁም። እዚህ ላይ ቆርቆሮዬ እንደተዘጋች ናት።

አሁን እኔም የሳይንስ መምህር ነኝ። በየዓመቱ ለተማሪዎቼ የታሸገ ቆርቆሮ አድላለሁ፤ በየዓመቱም የማይታይ ነገር ይጠናል ወይ የሚለኝ ልጅ አይጠፋም። ይጠናል እላለሁ። ስለ ሰው ሲጠይቁኝ ግን ደወል ቢደወልም ቁጭ ብዬ፣ ማንን ነው ብዬ እጠይቃለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ቆርቆሮዋን ይዤ መሬት ላይ እንደተቀመጥኩ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ስንት ዓመት ዓይኔ ሥር ኖሮ እንዴት እንዳላየሁት አላውቅም። ስለ ትከሻዬ የጻፍኩት፣ ነጥብ ያደረግሁበት ማስረጃ ሁለት ግምት ይደግፍ ነበር። አንዱን ብቻ ይዤ ሌላውን ጣልኩት እንጂ ሁለቱን የሚለየውን አልፈለግሁም። የሚለየው ደግሞ በየእሑዱ፣ መኪናው ሲነሳ፣ በኋላ መስኮት ይታየኝ ነበር። አባቴ ያን የአንድ ሰዓት መንገድ፣ ገደላገደሉን ከነወንዙ፣ በትር ሳይዙ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው፣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይደናቀፉ ወደ ቤት ይመለሱ ነበር። ብቻቸውን።